የገመዱ ጭራ ያዥ

ሰውየውን ሰፈሩ በሙሉ ችካል ነው የሚለው። እናትና አባቱ ያወጡለት ስም አለው፤ እሱን ግን የሚያውቁት መታወቂያ የሚያድሱለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ችካል ያሰኘው ገመድ ጉተታ ነው። አንዴ እግሩን ከተከለ የላይ ሰፈር ተጋግዞ አይነቅለውም ይባልለት ነበር። ሥራው ዳቦ ቤት ነው፤ ሊጥ ያቦካል። ማሽን ከገባ በኋላ እንኳ፣ “ማሽን ሊጥ ያዞራል እንጂ አያሽም” እያለ የመጨረሻውን በክንዱ ካላሸው ደስ አይለውም። ትከሻው እንደ ቁም ሣጥን የሰፋው በዚሁ ነው። ሰው ሲያሞግሰው፣ “ዱቄት ነው እንጂ ብታራግፉኝ ከሲታ ነኝ” ይላል።

ዳቦ ቤቱ ከድሮው ግንብ የታችኛው በር አጠገብ ነው። ከሊጡ ጠረጴዛ ቀና ያለ ሰው በመስኮቱ የበሩን ቅስት ያያል። በዚያ ዓመት ከቅስቱ ሥር ዥዋዥዌ ተንጠልጥሎ ነበር። ችካልም ቀና ማለት ጠልቶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማዋ አሮጌ ናት፤ ግንቧ እዚህም እዚያም ተንዶ ዛፍ በቅሎበታል። በዓመት አንድ ቀን ከታችኛው በር ፊት ያለው አደባባይ ለመኪና ይዘጋና የቤተሰብ ቀን ይሆናል። ልጆች ጆንያ ውስጥ ገብተው ይዘላሉ፤ እናቶች ዕንቁላል በማንኪያ ይዘው ይሮጣሉ፤ ዕንቁላሉም ሁልጊዜ የሚወድቀው አዲስ ጫማ ያደረገ ሰው እግር ላይ ነው። ቀኑ የሚያበቃው በገመድ ጉተታ ነው፤ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር። አሸናፊው ዋንጫ አይሰጠውም። የሚሰጠው ራሱ ገመዱ ነው። ወስዶ ከሰፈሩ በር፣ ከላይኛው ወይም ከታችኛው፣ ቅስት ላይ ያንጠለጥለውና እስከ መጪው ዓመት ዥዋዥዌ ይሆናል። የተሸነፈው ሰፈር ልጆች መወዛወዝ አይከለከሉም፤ ግን ዳገቱን ወጥተው ወይም ቁልቁለቱን ወርደው አሸናፊው ደጅ ድረስ መምጣት አለባቸው። ሽንፈት ማለት ይኸው ነው፤ ልጅህን ይዘህ የሰው ደጅ መሄድ።

የችካል ቦታ ከገመዱ ጭራ ላይ ነው። ገመዱን በትከሻው አሳልፎ በብብቱ ሥር ያወጣና ትርፉን ከኋላው ይጥለዋል። ከኋላው፣ ከታችኛው በር ፊት፣ ድሮ ፈረስ ይታሰርበት ነበር የሚባል አጭር የድንጋይ ምሰሶ አለ። ባለቤቱ በሕይወት ሳለች የምትቀመጠው እሱ ላይ ነበር፤ ኮቱን ጭኗ ላይ አድርጋ። እንደ ሌሎቹ አትጮኽም። የሰፈሯ ሰዎች መንገዳገድ ሲጀምሩ ብቻ፣ ለእሱ በሚሰማ ድምፅ፣ “ዝቅ በል አንተ ሰው” ትለዋለች። ዝቅ ይላል። ገመዱም ይቆማል። ጎረምሶቹ ምስጢርህ ምንድን ነው ሲሉት፣ “የታዘዝኩትን ነው የማደርገው” ይላቸው ነበር። ቀልድ ይመስላቸው ነበር።

ክረምት መግቢያ ላይ ሞተች። ለለቅሶ የመጣው ሰው ሳይበተን ሥራ ገባ ብለው ያሙት ነበሩ። ሊጥ የሰው ሐዘን አይጠብቅም፤ ካላሹት ይኮመጥጣል። የእሱ መልስ ይኸው ነበር።

አንዲት ልጅ አለችው፤ የስፖርት አስተማሪ ናት። በዚያ ዓመት የገመድ ጉተታው ዳኛ እንድትሆን ስሟ ሲነሣ የላይ ሰፈር ሰዎች አጉረመረሙ። “የችካል ልጅ በችካል ላይ ልትፈርድ?” ተባለ። ያን ጊዜ ተነሥቶ የተናገረላት የላይ ሰፈሩ በያጅ ነው። በያጁ የላይ ሰፈር ግንባር ነው፤ ገመዱን ከሁሉ ፊት ይይዛል። “እሷን አውቃታለሁ” አለ። “የኔን ልጅ ትምህርት ቤት ሩጫ ላይ መስመር ረገጥክ ብላ ያስወጣችው እሷ ናት። እኔ ተናድጄ ሄጄ፣ አፍሬ ነው የተመለስኩት። ለአባቷ ታዳላለች የሚል ካለ እኔን ያነጋግር።” ማንም አላነጋገረውም።

ቀኑ ደረሰ። ችካል ኮቱን አወለቀና የሚሰጠው ሰው አጥቶ ትንሽ ቆመ። ኋላ አጣጥፎ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠው። ሕዝቡ በሙሉ ከመሀል፣ ከኖራው መስመር ግራና ቀኝ ነው የተኮለኮለው። ቀዩ ጨርቅ ገመዱ ላይ የታሰረው እዚያ ነው፤ ማሸነፍና መሸነፍ የሚታየውም እዚያ ነው። ጭራውን ማን ያያል።

ልጁ ፊሽካ ነፋች። ገመዱ ተወጠረ። ለጥቂት ጊዜ ወዲህም ወዲያም አልል አለ፤ ቀጥሎ የችካል ጫማ ተንሸራተተ። አንድ እርምጃ ወደፊት ተጎተተ፤ ደገመው። ጆሮው የለመደውን ድምፅ ጠበቀ። ከኋላው ምንም አልመጣም። ከፊቱ ያሉት ጎረምሶች፣ “ችካል ያዝ፣ ችካል ያዝ” ይላሉ። ያኔ ነው ትርፉን ገመድ ሰብስቦ ድንጋዩ ላይ አንድ ዙር ያዞረው።

ሳላስበው ነው ብሎ በኋላ ራሱን ሊያሳምን ሞክሯል። ግን ገመዱን ከማዞሩ በፊት ኮቱን በክርኑ ገፋ አድርጎ ከድንጋዩ ላይ ጥሎት ነበር። ኮቱ እንዳይቆሽሽ የሚጠነቀቅ ሰው ሳያስብ አይደለም።

ገመዱ ቀጥ አለ። የላይ ሰፈር ያለ የሌለ ጉልበቱን ጨረሰበት። ገመዱ ድንጋዩ ላይ ሲፋተግ ያቃስታል፤ ችካል ድምፁን ይሰማዋል፤ ሌላ ሰው ግን በጩኸቱ መሀል የሚሰማ አይደለም። የላይ ሰፈር ሲደክም ጎረምሶቹ ጎተቱ፤ እሱ ከኋላ ትርፉን እየሰበሰበ ያጠብቃል። በመጨረሻ የላይ ሰፈር ተንጋግቶ ወደቀ። በያጁ በደረቱ ኖራው ላይ ተዘረረ። ፊሽካው ተነፋ። ልጁ እጇን ወደ ታች ሰፈር አነሣች።

ሰው ሳይደርስበት ዙሩን ፈታ። ቀና ሲል በያጁ ገና መሬት ላይ ነው፤ አገጩ ኖራ ለብሷል፤ በሰው እግር መሀል አሳልፎ ድንጋዩን ይመለከታል።

ተነሣ፤ ጉልበቱን አራገፈና እንደ ወጉ ተሸናፊ ሆኖ ሊጨብጥ መጣ። “እንኳን ደስ ያለህ” አለው። እጁን ግን ቶሎ አልለቀቀውም። የሚጠብቀው ነገር ያለ ይመስል ነበር። እጁን የነጠቀው ችካል ነው።

ማታ እራት ላይ ልጁ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ነበር። “ፈርቼ ነበር እኮ አባዬ” አለች። “አንተ ብትሸነፍ ሆን ብላ ነው፣ ብታሸንፍ አዳልታ ነው ሊሉኝ። የላይ ሰፈር ሴቶች ግን አንድ በአንድ እየመጡ፣ ‘በሐቅ ዳኘሽ’ አሉኝ። እማዬ ይህን አለማየቷ።”

ችካል ዳቦ ያላምጣል።

“አልዋጥ አለህ እንዴ?”

“ደርቋል።”

“የዛሬ እኮ ነው። ራስህ የጋገርከው።”

“እንግዲያው እኔ ነኛ የደረቅኩት” አለና ውኃ ጠጣበት።

በማግስቱ ገመዱን ሊሰቅል መሰላል ላይ ወጣ። መሰላሉን የያዘለት ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ልብስ ሰፊ ነው፤ ይህ ሰው እጁ ከመርፌ፣ አፉ ከቀልድ አይለይም። ችካል ገመዱን በእጁ እያሳለፈ ሳለ ወደ ጭራው ሲጠጋ ጣቱ ቆመ። ቃጫው ተላልጧል። ድንጋዩ ከላይ ያለውን ፈትል ፈግፍጎ ፈግፍጎ እንደ ሽማግሌ ጢም አቁሞታል።

“ምነው ቆምክ? ከፍታ ትፈራለህ እንዴ?” አለ ልብስ ሰፊው ከሥር።

“ቋጠሮ እያየሁ ነው።”

ቆርጦ ቢጥለው ቀሪው ለቅስቱ አይደርስም። ገመዱ ተበልቷል ብሎ ቢወርድ፣ በምን ተበላ ይባላል፤ አምና ደህና ነበር። ስለዚህ የተላላጠውን ቦታ ወደ ላይ ወሰደና ቅስቱ ውስጥ ከተጋደመው ወፍራም ግንድ ላይ ከቋጠሮው ጋር ጠመጠመው። ከታች የሚያይ ሰው ቋጠሮ እንጂ ሌላ አያይም። ከሰው ዓይን ሲያርቀው ግን የልጆቹ ክብደት ሁሉ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው ያስቀመጠው። ይህን ያወቀው መሰላሉን ወርዶ፣ የመጀመሪያዋ ልጅ ተቀምጣ ግንዱ እህ ሲል ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ኑሮ ኑሮ አልነበረም። ግንዱ እህ ባለ ቁጥር እጁ ሊጡ ላይ ይቆማል። ሊጥ እያሸ ጆሮው ውጭ ነው። ሰበብ ይፈልጋል። ዝናብ የጣለ ቀን ገመዱ ረጥቧልና ይደር ይላል፤ ፀሐይ የወጣ ቀን ግንዱ ይድረቅ ይላል። ልጆች ሲበዙ ትኩስ ዳቦ ይዞ ይወጣና፣ “ኑ ቅመሱ፣ ኑ ቅመሱ” እያለ ይበትናቸዋል። ትልልቆቹ ሲቀመጡ ይቆጣል። የዳቦ ቤቱ ባለቤት እትዬ፣ “አንተ ሰው፣ እኔን አክስረህ ልጆቹን ልታደልብ ነው?” አሉት። ልብስ ሰፊው ደግሞ፣ “ችካል ዥዋዥዌውን በጉልበቱ ስላመጣው ሌላ ሰው ሲቀመጥበት ይቆጨዋል፤ ለራሱ ነው የፈለገው” እያለ ለመጣው ሁሉ ያወራል። ሰዎች ሲስቁ አብሮ ይስቃል። አንዳንድ ቀን መሰላሉን አውጥቶ ግድግዳው ላይ ያስደግፈዋል፤ ዛሬስ አወርደዋለሁ ይላል። ግን ልጁ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የላይ ሰፈር እናቶች፣ “ዳኛችን” ብለው ሲስሟት ያያል፤ መሰላሉን መልሶ ያስገባዋል።

በያጁ አይመጣም ነበር። ዳቦ የሚገዛለትን ሰው ይልካል እንጂ እሱ አይመጣም። ችካልም በሩ ላይ ጥላ በወደቀ ቁጥር እሱ እየመሰለው ይደነግጣል፤ እሱ አለመሆኑን ሲያይ ደግሞ ቅር ይለዋል።

አንድ የዕረፍት ቀን ከሰዓት መጣ። የልጅ ልጁን እጇን ይዞ ነው የመጣው፤ ድንቡሽቡሽ ያለች፣ ሁለት ጥርሷ የወለቀ። የችካል ልጅም እዚያው ነበረች፤ ተራ አስይዛ ልጆቹን እያወዛወዘች። “ጋሼ፣ ቁልቁለቱን ወርደው መጡ?” አለችው።

“ምን ላድርግ፣ ተሸንፈን የለ” አለ በያጁ። ይህን ሲል የሚያየው ወደ ዳቦ ቤቱ መስኮት ነበር። “ልጅቷ አላስቀምጥ አለችኝ።”

ልጅቷ ተቀመጠች። ገመዱን በሁለት እጇ ጨበጠች። “አያቴ፣ ሰማይ እስክነካ” አለችው። በያጁ ወደ ኋላ ስቦ ለቀቃት። ግንዱ እህ አለ። አንዴ፣ ሌላም ጊዜ፣ ከፍ እያለች ስትሄድ የቅስቱን ጥላ አልፋ ፀሐይ ውስጥ እየገባች ትወጣለች።

ችካል ሊጡን ትቶ ወጣ። ክንዱ እስከ ክርኑ ሊጥ ነው።

“አውርዳት” አለ።

“ምን?”

“ልጅቷን አውርዳት ነው የምልህ።”

ልብስ ሰፊው ከሱቁ ደጅ ሆኖ፣ “ዛሬ ደግሞ ምን ሰበብ አገኘህ? ዝናብ የለ፣ ፀሐይም በልክ ነው” አለ። የቆሙት ሴቶች ሳቁ።

“ገመዱ ተበልቷል።”

በያጁ የተመለሰችውን ልጅ በደረቱ ተቀብሎ አቆማት። የችካል ልጅ ጠጋ ብላ ገመዱን ከላይ እስከ ታች በዓይኗ መረመረች። “የቱ ጋ? እኔ በየቀኑ ነው የማየው።”

“ከላይ። ግንዱ ላይ የተጠመጠመው። ከዚህ አይታይም።”

“ካልታየ አንተ በምን አወቅክ?”

ችካል ወደ ግንዱ ቀና አለ። ልብስ ሰፊው መቼም ሰው ሲጨንቀው አይወድም፤ “አይጥ ይሆናላ” አለ። “ያ ግንብ አይጥ ነው የሚኖርበት። የኔን ስንት ጨርቅ ቀርጥፏል።”

መልሱ ይኸው ተዘጋጅቶ ተሰጠው። አዎ፣ አይጥ ነው ማለት ብቻ ነበር የቀረው። ሴቶቹም፣ “እውነት ነው፣ አይጥ ነው” ማለት ጀምረዋል። ችካል በያጁን አየው። በያጁ ልጅቷን እንደያዘ ያየዋል፤ ያን ቀን እጁን ጨብጦ ሳይለቅ እንዳየው ዓይነት።

“አይጥ አይደለም” አለ ችካል። “ድንጋይ ነው። የቤተሰብ ቀን ለታ ገመዱን ያ ድንጋይ ላይ አዙሬው ነበር። ያሸነፍነው በድንጋዩ ነው።”

ልብስ ሰፊው የሚለው ነገር ሲጠፋበት ሰፈሩ ያየው ያኔ ነው። የሳቁት ሴቶች ወደ ችካል ሳይሆን ወደ ልጁ ዞሩ። እሱ የፈራውም ይህን ነበር።

“አያቴ፣ ግፋኝ እንጂ” አለች ልጅቷ። በያጁ አቅፎ አወረዳት።

“ስንት ጊዜ?” አለች የችካል ልጅ። ድምፅዋ ከፍ አላለም።

“አንድ ዙር ብቻ ነው ያዞርኩት።”

“ስለ ዙሩ አይደለም የጠየቅኩህ። እነዚህ ልጆች እዚህ ላይ ሲወዛወዙ መስኮቱ ጋ ቆመህ ያየኸው ስንት ጊዜ ነው?”

ሊጡ ክንዱ ላይ መድረቅ ጀምሮ ነበር።  

መሰላሉን አምጥቶ የወጣው በያጁ ነው። ቋጠሮውን ሲፈታ ቃጫው ብናኝ ሆኖ ፊቱ ላይ ረገፈ። ይዞት ወርዶ በጣቶቹ መሀል አዞረው። ከፈትሎቹ አንዱ ተበጥሷል፤ የቀሩትም ተላልጠው ቀጥነዋል። በያጁ የልጅ ልጁን አየና ፊቱ ተለወጠ።

“እኔ ድንጋዩን አይቼ ነበር” አለ። “ገመዱን ግን አላሰብኩም።”

“አይተው ነበር?” አለች የችካል ልጅ። “ታዲያ ለምን ዝም አሉ ጋሼ?”

“አንቺ እጅሽን አንሥተሽ ነበራ። እኔ ነኝ እሷ አታዳላም ብዬ የማልኩት። ባወራ የሚበሉት አንቺን ነው። ራሱ ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። ዛሬም ይህችን ልጅ ይዤ የመጣሁት፣ ሲያየን አንጀቱ ይላወስ ይሆናል ብዬ ነው። ምኑ ላይ እንዳስቀመጥኳት ባውቅማ …” አልጨረሰውም። “እኔም አፍ ነበረኝ” አለ።

ልጁ ገመዱን ከበያጁ እጅ ተቀብላ ጠቀለለችው። ከዚያ አባቷ ትከሻ ላይ አደረገችው። “ተሸከም” አለችው። “የላይኛው በር እንሄዳለን።”

“ክንዴን ልታጠብ?”

“እንዳለህ።”

እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነው ዳገቱን ጀመሩ። የዕረፍት ቀን ስለሆነ ሰው ሁሉ ደጁ ላይ ነው። “ችካል፣ ወዴት ነው?” ይሉታል።

“ወደ ባለቤቶቹ” ይላል።

“የምን ባለቤት? ያሸነፍነው እኛ አይደለን?”

“አይደለንም።” ይህን በየደጁ መመለስ ነበረበት። አንዳንዱ ቀልድ መስሎት ይስቃል፤ የልጁን ፊት ሲያይ ያቆማል።

መሀል ላይ ሲደርሱ እንዲህ አላት። “አንቺ ምንም አታውቂም ነበር። እሱን እነግራቸዋለሁ።”

“ዳኛዋ እኔ ነኝ። ጭራውን ማየት ነበረብኝ።” ትንሽ ሄደችና ጨመረች። “ሆን ብዬ ነው ያላየሁህ፤ ሰው ዓይኗ አባቷ ላይ ነው እንዳይለኝ። አንድ ጊዜ እንኳ ወዳንተ አልዞርኩም።”

ይህ ከሁሉ በላይ ወጋው። እሷ ላለማዳላት ዓይኗን ያነሣችበትን ቦታ ነው እሱ የተጠቀመበት። “እናትሽ ብትኖር ኖሮ …” ብሎ ጀመረ።

“አባዬ፣ እሷን እዚህ ውስጥ አታስገባት።”

 እውነቷን ነው። ባለቤቱ ዝቅ በል ነበር የምትለው፤ እሰር ብላው አታውቅም።

ዳገቱ መጨረሻ ላይ ይጠነክራል። ገመዱ ከአንገቱ ሥር ገብቶ ይፈትገዋል፤ ትንፋሹ ያጥረዋል። ቆም አለ። ልጁ ኮቴው ሲጠፋባት ቆመች፤ አልዞረችም። ጠበቀችው። መራመድ ሲጀምር እሷም ጀመረች።

ከላይኛው በር ሥር ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ ሴቶች አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ያወራሉ። “ዳኛችን መጣች” አለች አንዷ። ልጁ ሰላምታውን አልመለሰችም። ጎኑ ቆመች። ሊናገር አፉን ሲከፍት ልትቀድመው መስሎት ነበር፤ አልቀደመችውም። ዓይኗ ግን ይህን ጊዜ እሱ ላይ ነበር።

ችካል ገመዱን ከትከሻው አወረደ፤ የተላላጠውን ቦታ ፈልጎ ወደ ላይ አደረገውና መሬት ላይ ዘረጋው፤ ሁሉም እንዲያየው።